ሳይለንሰር ለምታጸዱ ልጆች፦ ከጥቀርሻው ይልቅ እርሳሱን ፍሩ

ሰላም ልጆች፣ እኔ የጦር መሳሪያ ጥገና ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ሳይለንሰር ስል የመኪናውን ሳይሆን ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ የሚገጠመውን የድምፅ መቀነሻ ቱቦ ነው፣ ከወጣቶች በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ደሞ «ሳይለንሰሬ ውስጡ በጥቀርሻ ተሞልቷል በምን ላጽዳው?» የሚል ነው። ሁሉም በምን ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ምኑን ነው የማጸዳው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም ማለት ይቻላል። እኔ መጀመር ያለበት ከዛ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እዛ ቱቦ ውስጥ የሚጠራቀመው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም፣ አንዱ እጅ ያጠቁራል ታጥቦ ይሄዳል፣ ሌላው፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ አጥንት ላይ ለዓመታት ይቀመጣል።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም፣ ብዙ አገር ሳይለንሰር ያለፈቃድ መያዝም ክፍሉን መቀየርም ወንጀል ነው፣ ያላችሁበትን አጣሩ። እኔ የማወራው በሕግ ለያዘው ወይም ሥራው ለሆነ ሰው ነው።

ሳይለንሰር ሲሠራ ምን ያደርጋል? ሃይረም ፐርሲ ማክሲም በ1909 እ.ኤ.አ. ፓተንት ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ሐሳቡ ያው ነው፣ ከአፈሙዙ በኃይል የሚወጣውን ጋዝ ባፍል በሚባሉ ግድግዳዎች በተከፋፈሉ ክፍሎች ውስጥ ያዝ ማድረግ፣ እዛ እንዲሰፋ፣ እንዲቀዘቅዝ፣ ፍጥነቱ እንዲቀንስ። እና ጋዙ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይዞት የመጣውን ቆሻሻ እዛው ይጥለዋል፣ ስለዚህ መቆሸሹ ብልሽት አይደለም፣ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ቆሻሻው ምን ምን አለው ካላችሁ አንደኛ ሙሉ በሙሉ ያልተቃጠለ ባሩድ የተወው ካርቦን፣ ሁለተኛ ከጥይቱ ሽፋን የተፋቀ መዳብ፣ ሦስተኛ ከጥይቱ ቂጥ ካለችው ካፕሱል የሚመጣ (አብዛኞቹ ካፕሱሎች እርሳስ፣ ባሪየምና አንቲሞኒ አላቸው)፣ አራተኛው ደግሞ ከራሱ ከጥይቱ የሚረግፍ እርሳስ ነው።

የአራቱ መጠን ታዲያ እንደ ጠመንጃው ይለያያል፣ ወጣቶቹ ግራ የሚጋቡትም እዚህ ጋ ነው። ካሊበር 22 የምትባለው ትንሿ ጥይት አብዛኛውን ጊዜ የመዳብ ሽፋን የላትም፣ ወይ እርቃኗን ነው ወይ ስስ ቅብ ነው ያላት፣ ግፊቷም ዝቅተኛ ነው፣ ስለዚህ እርሳሱን በደንብ ትረጫለች ግን ጠራርጎ የሚያወጣ ጉልበት የላትም። የ22 ሳይለንሰር ሳይጸዳ ብዙ ከተተኮሰበት በኋላ ስትከፍቱት ባፍሎቹ መሀል ግራጫ፣ አብረቅረቅ የሚል፣ በጥፍር ሲጫኑት ጎድጎድ የሚል ነገር ተጋግሮ ታያላችሁ፣ ጥቁር አይደለም ልብ በሉ፣ ጥቁሩ ከላይ ያለው ስስ ነገር ነው፣ ከስር ያለው እርሳስ ነው። አንዳንዴ ባፍሎቹን እርስ በርስ አጣብቆ በእጅ አልወጣ ይላል። ትልቁ የጠብመንጃ ሳይለንሰር ግን ሌላ ነው፣ ጥይቱ የመዳብ ሽፋን አለው፣ ግፊቱም ሙቀቱም ከፍተኛ ነው፣ ካርቦኑ የሆነ ደረጃ ድረስ ይጠራቀምና ከዛ በኋላ የተኩሱ ግፊት ራሱ እየፈነቀለ ያወጣዋል። ለዚህ ነው ብዙ ፋብሪካዎች የ22ቱን ተፈታች አድርገው ሲሠሩ የትልቁን ጠመንጃ በብየዳ ዘግተው የሚሸጡት፣ እንድትከፍቱት አልታሰበም።

ስለዚህ የተዘጋ የትልቅ ጠመንጃ ሳይለንሰር ይዛችሁ በየሳምንቱ ካላጸዳሁ የምትሉ ልጆች እባካችሁ ተዉት። ውስጡ ጥቁር መሆኑ ምንም አያደርገውም፣ ድሮም ጥቁር ሆኖ ነው የሚሠራው። እኔ ተበላሽተው ሲመጡ ያየኋቸው አብዛኞቹ ከጥቀርሻ ሳይሆን ከማጽዳት ነው የተበላሹት፣ አንዱ ልጅ ቀዳዳው ጠበበ ብሎ በድሪል ሊያሰፋው ሞክሮ የባፍሎቹን አፍ አጉድፎ አመጣልኝ፣ ሌላው የምድጃ ማጽጃ ነፍቶበት አልሙኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ተበልቶ ነበር። የባፍሉ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ የሽቦ ብሩሽም ሆነ ድሪል እንዳይደርስ፣ ጋዙ እኩል የሚከፋፈለው በዛ ጠርዝ ነው፣ አንድ ቦታ ከጎደፈ ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ በዚህ በተዘጋው ላይ 22 ጥይት አትተኩሱ፣ ቀዳዳው ያሳልፈዋል አዎ፣ ግን እርሳሱ ውስጥ ይቀርና ከፍታችሁ አታወጡትም።

መቼ ነው የሚጸዳው ለምትሉ፣ እኔ የማምነው መለኪያ ሚዛን ነው። አዲስ እያለ በግራም ሚዛን መዝኑት፣ ደብተር ላይ ጻፉት፣ ከዛ በየጊዜው መዝኑት በቃ። የ22 ሳይለንሰር አብዛኛው ከ200 ግራም በታች ስለሆነ 20 ግራም ከጨመረ ልዩነቱ ግልጽ ነው፣ ያ 20 ግራም ደሞ አብዛኛው እርሳስ ነው፣ ካርቦን ቀላል ነገር ነው ያን ያህል አይመዝንም። በጆሮ አትለኩ፣ ድምፁ ጨመረ መሰለኝ እያላችሁ አትፍቱት፣ ምክንያቱም ከድምፅ የሚፈጥን ጥይት (በሰከንድ ከ343 ሜትር በላይ ማለት ነው) አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማው ጩኸት ሳይለንሰሩ ንጹህ ሆነ ቆሸሸ አይቀየርም። የጆሮ መከላከያችሁንም አታውልቁ፣ የትልቅ ጠመንጃ ተኩስ ከ150 ዴሲቤል በላይ ነው፣ ሳይለንሰር በጥሩ ቀን ከ20 እስከ 35 ቢቀንስ ነው፣ የሚቀረው አሁንም ጆሮ ይጎዳል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፣ ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁትም በሱ ነው። አቼቶና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ እኩል ለእኩል ቀላቅሎ ባፍሎቹን እዛ ውስጥ መንከር የሚባል ነገር አለ፣ በየቪዲዮው ታዩታላችሁ፣ ይሠራል፣ እርሳሱን ያሟሟዋል፣ ማንም ይሄን አይክድም። ግን እርሳሱ የት ሄደ? አልጠፋም እኮ፣ ሌድ አሲቴት የሚባል ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ጨው ሆነ። ጠጣር እርሳስ እጃችሁ ላይ ቢነካ ታጥባችሁ ትገላገላላችሁ፣ ይሄኛው ግን ፈሳሽ ስለሆነ ይረጫል፣ በልብስ ይሰርጋል፣ በቆዳም ሊገባ ይችላል፣ ብሶ ተርፎ ደግሞ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ ልጅም እንስሳም ቢቀምሰው አይተፋውም። ለሕፃናት ጉዳት የማያመጣ የእርሳስ መጠን አልተገኘም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይሄንኑ ነው። እና ያንን ነጣ ብሎ የደፈረሰ ፈሳሽ ሰው ወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ ሲደፋ፣ ወይ በረንዳ ላይ በባልዲ ትቶት ሲሄድ ሳይ ውስጤ ይቃጠላል፣ ቤት ውስጥ የሚድህ ሕፃን ያለው ሰው ጭምር ነው እንዲህ የሚያደርገው። ከበረኪና ጋርማ ፈጽሞ እንዳይገናኝ፣ አቼቶና በረኪና ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው። አልሙኒየም ባፍል ከሆነም ድብልቁ ራሱን ብረቱን ይበላዋል። የእኔ ምክር አንድ ነው፣ አትጠቀሙበት፣ እርሳሱ ጠጣር እንደሆነ ይውጣ።

እንዴት ታዲያ? መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ ካዝናውን አውጡ፣ ዘንጉን ሳቡ፣ ጎርሶ እንዳይሆን በዓይንም በጣትም እዩ፣ ከዛ በኋላ ነው ሳይለንሰሩ የሚፈታው። ባፍሎቹን ስታወጡ በተራ በተራ ደርድሩ፣ አቅጣጫቸውንና ቅደም ተከተላቸውን በማርከር ምልክት አድርጉ፣ አንዳንዱ ባፍል ጎኑ ላይ ቅንጥብ አለው፣ ያ ቅንጥብ ያለቦታው ከዞረ ሥራው ይበላሻል። የናይትሪል ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው፣ እና ይሄን በደንብ ስሙኝ፣ በደረቁ አትፈግፍጉ። ደረቅ እርሳስ ሲፈገፈግ አቧራ ይሆናል፣ አቧራው ሳንባ ይገባል። ዘይት ወይ ማጽጃ ነክራችሁ ረጥቦ እያለ በፕላስቲክ ወይ በእንጨት ፍቁት፣ የወጣውን ፍርፋሪ በወረቀት ሰብስባችሁ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርጉና አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል ቦታ ስጡት። ስትጨርሱ ምግብም ሲጋራም ሳትነኩ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡ፣ የሥራ ልብሱንም ከቤተሰብ ልብስ ጋር አትጠቡት።

ካርቦኑን ለማላቀቅ አልትራሶኒክ ማሽን (ፈሳሹን በድምፅ ሞገድ እያንቀጠቀጠ ቆሻሻ የሚያላቅቅ ገንዳ) ጥሩ ነው፣ ለብ ያለ ውኃና ለብረቱ የሚስማማ ማጽጃ ይበቃል፣ ቤንዚን ወይ ሌላ እሳት የሚይዝ ነገር ግን ፈጽሞ እዛ ውስጥ አይገባም። ስቴንለስና ታይታኒየም ብዙ ይችላሉ፣ አልሙኒየም ግን ጠንካራ አሲድም ጠንካራ አልካሊም አይወድም፣ ስለዚህ ምን ብረት እንደያዛችሁ ከመመሪያ ደብተሩ ሳታነቡ ምንም አታፍስሱበት። ለ22 ደሞ ጥሩ ዘዴ አለ፣ ጸድቶ ከደረቀ በኋላ ባፍሎቹን ሙቀት በሚችል የሲሊኮን ዘይት ስስ አድርጎ መቀባት፣ እርሳሱ አይጣበቅም፣ በሚቀጥለው ጊዜ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ቅርፍት ብሎ ይነሳል፣ ያኔ መፋቅ ራሱ አያስፈልግም።

ሰው የሚረሳው ግን የመግጠሚያውን ጥርስ (አፈሙዙ ላይ የሚጠመዘዝበትን) እና ትከሻ (ጠብቆ የሚያርፍበትን ጠርዝ) ነው። ውስጡን አብረቅርቆ ውጪውን ይረሳል፣ ለእኔ ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ውስጡ ቢቆሽሽ ግድ የለም መግጠሚያው ላይ ግን አንዲት ፍርፋሪ ካርቦን መኖር የለባትም። ለምን መሰላችሁ፣ ጥይቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከጥይቱ የሚሰፋው 1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ በዙሪያው ግማሽ ግማሽ ሚሊ ማለት ነው። ትከሻው 15 ሚሊሜትር ስፋት ካለውና አንድ ጎኑ ላይ 0.05 ሚሊሜትር ጥቀርሻ ከተቀመጠ፣ ከፀጉር የሚቀጥን ነገር ነው፣ 20 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ሳይለንሰር ጫፉ ላይ ከ0.6 ሚሊ በላይ ዘመም ይላል፣ ጥይቱ ባፍሉን ይመታል ማለት ነው። ስታጠብቁት በእጃችሁ ስሙት፣ ንጹህ ጥርስ ለስላሳ ሄዶ ድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የቆሸሸው ግን ኮርሸም ኮርሸም እያለ ሄዶ መጨረሻው ላይ ለስለስ ያለ ስሜት ይሰጣል፣ ያ ለስላሳው ነገር ጥቀርሻው እየተጨፈለቀ ነው፣ ፍቱትና ጥረጉት። ከተኩስ በኋላም ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ትታችሁት አትሂዱ፣ ካርቦኑ ጥርሱ ላይ ይደርቅና ሞርሳ ካልገባ አልፈታም ይላል፣ ለብ ብሎ እያለ በሙቀት ጓንት ላላ አድርጉት፣ ትኩስ እያለ ግን በባዶ እጅ እንዳትሞክሩት።

ጠመንጃውንም አትርሱ፣ ሳይለንሰር ሲገጠም ጋዙ ወደ ኋላ ስለሚመለስ አውቶማቲክ ከሆነ ዘንጉና ጎሬው (ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ) ከወትሮው ቶሎ ይቆሽሻል፣ እሱን ከሳይለንሰሩ በበለጠ ቶሎ ቶሎ ማየት አለባችሁ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም በደንብ አድርቁ፣ ውስጡ ማጽጃ ወይ ውኃ ቀርቶ መተኮስ አደጋ ነው፣ ከገጠማችሁት በኋላም ባዶ በሆነው ጠመንጃ ውስጥ ቀጥ ያለ የማስተካከያ ዘንግ አስገቡና ጫፉ ቀዳዳው መሀል ላይ መሆኑን እዩ። መሀል ካልሆነ አትተኩሱ፣ ፍቱና ትከሻውን ደግማችሁ ጥረጉ።