ክትባት፣ ትኩሳትና ባዶ ሆድ፦ ጥያቄና መልስ

ፋርማሲስት ነኝ። ስትጠይቁ የሕመሙን ስም ጻፉልኝ፤ «የሜታቦሊዝም ችግር» (ሰውነት ምግብን በትክክል መጠቀም የማይችልበት ሕመም) ብቻ ከተባለ ለአንዱ ልጅ የሚበጀው ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ አሜሪካ ስትወለድ በተደረገላት ምርመራ ኤምካድ እንዳለባት ታወቀ። ዘመዶቼ «አታስከትቢያት፣ ትሞትብሻለች» ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ያስከትቧት። ኤምካድ ያለበት ልጅ ስብን ወደ ጉልበት የሚቀይር ኢንዛይም ስለሚጎድለው ረሃብ አይችልም፤ ክትባቱ ይህን አያባብስም። የሚያሰጋው ትኩሳት መጥቶ ምግብ እምቢ ስትል ነው። ኩፍኝ ራሱ ግን ለቀናት ያተኩሳል፣ ያስቀምጣል፣ አፍ ያቆስላል። ዘመዶችዎ መፍራት ያለባቸው እሱን ነበር።

ጥያቄ፦ ትኩሳቱን መቼ ልጠብቅ?

መልስ፦ የዲፍቴሪያ፣ የቲታነስና የትክትክ ክትባት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት። የኩፍኙ ግን ያዘናጋል፤ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ የሚያተኩሰው ብዙውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ቀን ነው፤ ያኔ ወላጅ መከተቧን ረስቷል። ቀኖቹን ካላንደር ላይ ያክብቡባቸው። ካተኮሳት ሐኪሟ ያዘዘላትን የግሉኮስ መጠጥ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰው ያጠጧት። ካስመለሳት ወይም ከፈዘዘች ሐኪሙ የጻፈላትን የድንገተኛ ደብዳቤ ይዘው ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ። የጣት መለኪያው «ስኳሯ ደህና ነው» ቢልም አይዘናጉ፤ በኤምካድ ስኳር የሚወርደው ዘግይቶ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ በዘር የሚመጣ የፍሩክቶስ (የፍራፍሬ ስኳር) አለመስማማት አለበት። አሁን የተወለደችው እህቱስ ትከተብ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ነገሩ ይገለበጣል፤ ለሌላው መድኃኒት የሆነው ጣፋጭ ለእነዚህ ልጆች ጉበት ጠንቅ ነው። እርሷም የመያዝ ዕድሏ ከ4 አንድ ነው። በአፍ የሚሰጠው የሮታ (የተቅማጥ ቫይረስ) ክትባት የገበታ ስኳር አለው፣ እሱም ግማሹ ፍሩክቶስ ነው፤ ሕመሙ ላለበት ልጅ አይሰጥም። ሮታ በ6ኛው ሳምንት ስለሚጀመር ከዚያ በፊት ለሐኪም ይንገሩ። በመርፌ የሚሰጡት ግን በዚህ ሰበብ አይቅሩ።

ጥያቄ፦ የዩሪያ ዑደት ችግር (ከፕሮቲን የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ሰውነት ማስወገድ የማይችልበት ሕመም) ላለበትስ? አሞኒያ አያስነሳበትም?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ ፈትሾ በክትባትና በአሞኒያ መነሣት መካከል ግንኙነት አላገኘም። ትኩሳቱን ግን እንደ ኤምካዱ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ፒኬዩ (ፊኒልአላኒን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል ሰውነት መሰባበር የማይችልበት ሕመም) አለባት። ትከተብ?

መልስ፦ ትከተብ። የትኩሳት ሽሮፑን ጠርሙስ ግን አዙረው ያንብቡ፤ «ስኳር አልባ» ከሚባሉት አንዳንዶቹ አስፓርቴም አለባቸው፣ እሱም ፊኒልአላኒን ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ልጃችን ጉበት ተቀይሮለታል። የኩፍኝ ክትባት ይውሰድ?

መልስ፦ ይህን እኔ አልመልስም። የሚወስደው መድኃኒት የሰውነቱን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ የንቅለ ተከላ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ማንኛውም ሕያው ክትባት አይሰጠው።