ለወጣት ቤዝ ተጫዋቾች፦ መጀመሪያ የስፒከር ሳጥኑን ምረጡ

ልጆቼ፣ ዛሬ በቦርሳ ይዛችሁ የምትዞሩት የቤዝ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ከጊታሩ ይቀላል። በ1969 የወጣው አምፔግ ኤስቪቲ 300 ዋት ለመስጠት ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ ፎቅ የሚያወጣው ሰው አጋዥ ያስፈልገዋል። የአጉይላሩ ቶን ሃመር 500 ደግሞ ሁለት ኪሎ ሳይሞላ በ4 ኦም (ኦም ሳጥኑ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) 500 ዋት ይሰጣል። ተአምር የለበትም። ከባዱ ትራንስፎርመር ወጥቶ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚከፍትና የሚዘጋ ፓወር ሰፕላይ ገባ። ማጉያውም ክላስ ዲ ነው፤ ኃይሉን በሙቀት ብዙ ስለማያባክን ትልቅ የማቀዝቀዣ ብረት መሸከም ቀረለት።

አየር መግፋት ግን አልቀለለም። ኒዮዲሚየም ማግኔት የስፒከሩን ክብደት ቢቀንስም ትንሽነትን፣ ጥልቅ ቤዝንና ከፍተኛ ድምፅን አንድ ላይ የሚሰጥ ሳጥን የለም፤ ሁለቱን ካገኛችሁ ሦስተኛው ይቀርባችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሳጥኑን ምረጡ፣ ከዚያ ለእሱ የሚሆን አምፕ ፈልጉ። ብዙ ወጣት የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፦ አምፑ ላይ የተጻፈውን ዋት አይቶ ይገዛል፣ ሳጥን ደግሞ የተገኘውን ያመጣል።

ዋት እንደምታስቡት አይደለም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ግን ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ከ500 ወደ 800 ዋት ስትሄዱ የምታገኙት 2 ዴሲቤል ነው። የሳጥኑን ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ለተሰጠው ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ፣ ግን እዩ፦ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል የሚሰጥ ሳጥን በ250 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ፣ 97 የሚሰጠው ለማውጣት 500 ዋት ይጠይቃል። አንዳንዱ አምራች ይህን ቁጥር አሳምሮ እንደሚጽፍ ግን አትርሱ።

አሁን ወደ ኦሙ። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥን አብረው ሲሰኩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ሁለት ባለ 4 ኦም 2 ይሆናሉ፤ 8 እና 4 ሲቀላቀሉ 2.67 ይመጣል፣ ያኔም ከኃይሉ ሁለት ሦስተኛውን ባለ 4 ኦሙ ይወስደዋል። ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው በገመድ ስትቀጥሉ ኦሙ የሚደመር የሚመስላቸው አሉ። አይደመርም። ከሳጥኑ ጀርባ ያሉት ሁለት መሰኪያዎች እርስ በርስ በፓራለል (ጎን ለጎን እንጂ በተከታታይ ሳይሆን) የተያያዙ ናቸው፤ ከአምፑም ሰካችሁ ከሳጥኑ፣ ውጤቱ አንድ ነው።

አብዛኛው ቀላል አምፕ ከ4 ኦም በታች አይፈቅድም። ቶን ሃመር 500 እስከ 2.67 ይወርዳል፤ የሜሳው ሰብዌይ ዲ-800 ደግሞ ለ2 ኦም የሚሆን ማብሪያ አለው። የእናንተን ከጀርባው አንብቡ። ከተፈቀደው በታች ስትጭኑት ሲሞከር ይሠራል፤ ችግሩ እሱ ነው። ምሽቱ ገፍቶ፣ አምፑ ሞቆ፣ ሰው ሁሉ እየጨፈረ ሳለ ፕሮቴክት (ራሱን ለመከላከል የሚያጠፋበት ሁኔታ) ገብቶ ዝም ይላል። ነገ ሁለተኛ ሳጥን ለመጨመር የምታስቡ ከሆነ ዛሬ ባለ 8 ኦም ግዙ፤ ባለ 4 ኦም ሳጥን በራችሁን ይዘጋባችኋል። በ8 ኦም አምፑ ግማሽ ያህል ዋት ብቻ ቢሰጥም አትዘኑ። ተመሳሳይ ሁለተኛ ሳጥን ስትጨምሩ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፣ አየር የሚገፋውም ኮን (የስፒከሩ ተርገብጋቢ ፊት) እጥፍ ይሆናል፤ በታችኛው ድምፅ እስከ 6 ዴሲቤል ታገኛላችሁ። ሳጥኖቹን ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን በአንዱ ላይ ጫኑ፤ የላይኛው ወደ ጆሯችሁ ይቀርባል፣ ከጎን ላለውም ሰው ድምፁ አይዛባበትም።

ያገለገለ ሳጥን ስትገዙ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። ከአምፑ ነቅላችሁ ለኩት፦ ባለ 8 ኦም 6 አካባቢ፣ ባለ 4 ኦም ከ3 ትንሽ ከፍ ያለ ማሳየት አለበት። ሁለት ስፒከር ያለው ባለ 8 ኦም ሳጥን 12 አካባቢ ካሳየ አንደኛው ሳይቃጠል አይቀርም፤ ሻጩ «ይሠራል» ቢላችሁም አልዋሸም፣ በግማሹ ይሠራል። ሁለት ሳጥን ስታጣምሩ ደግሞ የእያንዳንዱን መሰኪያ በ9 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ብቻ ነክታችሁ የኮኑን አቅጣጫ እዩ። አንዱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ከሄደ የአንዱ ሽቦ ተገልብጧል። ሁለቱ እየተጠፋፉ ቤዙ ይተናል፣ እናንተም አምፑን ትራገማላችሁ።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው «400 ዋት» የሚነግራችሁ ጥቅል ሽቦው ሳይቃጠል የሚችለውን ሙቀት ነው። ኮኑ ግን ከዚያ በፊት ወሰኑ ላይ ሊደርስ ይችላል። ለአንድ ዓይነት ጩኸት ድምፁ በአንድ ኦክታቭ (ኸርዙ በግማሽ) ሲወርድ ኮኑ አራት እጥፍ መራመድ አለበት። የኢ ክር 41 ኸርዝ፣ ባለ አምስት ክር ቤዝ ላይ ያለው ቢ 31 ኸርዝ ነው፤ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ደግሞ ሳጥኑ ከተቃኘበት ድምፅ በታች ኮኑን የሚይዘው አየር የለም። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው ቀንሱ። የቤዝ ማዞሪያውን 6 ዴሲቤል ማሳደግ እዚያ አካባቢ አራት እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው። ከ35 ወይም ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ሃይ-ፓስ ፊልተር አስገቡ፤ የቢ ክር ድምፅ በአብዛኛው የሚሰማው በእጥፉ፣ በ62 ኸርዙና ከዚያ በላይ ባለው ስለሆነ ብዙ አታጡም። ትንሽ አምፕ ስፒከር ያቃጥላል የሚባለውን ግን ተዉት። የ100 ዋት አምፕ ድምፁ ቢሰባበርም 400 ዋት የሚችል ስፒከር አያቃጥልም፤ ሊጎዳ የሚችለው ቲዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ነው።

ገመዱ ላይ አትሳሳቱ። የጊታር ገመድ የስፒከር ገመድ አይደለም፤ መሐሉ ቀጭን ስለሆነ ይሞቃል። ባለ 1.5 ወይም 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በስፒኮን (በሚቆልፈው የስፒከር መሰኪያ)፣ 1+ እና 1− ላይ የታሰረ ይሁን፤ ሰክታችሁ እስኪቆልፍ አዙሩት። በብዙ ክላስ ዲ አምፕ ሁለቱም ጫፎች ኃይል አላቸው፣ አንዱም ግራውንድ አይደለም። ስለዚህ ከስፒከር መውጫው ወደ ሚክሰር መስመር አታውጡ፤ ለዚያ ዲአይ መውጫው (ወደ ሚክሰር የሚሄደው) አለ። እሱንም ከኢኪው (ከድምፅ ማስተካከያ ማዞሪያዎቹ) በፊት አድርጉት፤ መድረክ ላይ ማዞሪያ በነካችሁ ቁጥር የሳውንድ ሰውየው አይቸገር። ሠርግ ላይ ድምፃችሁ በዋናው ስፒከር የሚወጣ ከሆነ ለራሳችሁ አንድ ባለ 12 ኢንች ሳጥን ይበቃል። ከበሮውና ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ታችኛውን ስለሚይዙት ቤዙን ከማሳደግ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ያለውን ትንሽ ከፍ አድርጉ።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክላችሁን አምፕ ሳትሰኩ ጀርባውን አንብቡ። 100–240 ቮልት ካለ መሰኪያውን ቀይራችሁ ተጠቀሙ፤ 120 ብቻ ካለ 220 ላይ አንዴ መሰካት በቂ ጥፋት ነው። ውስጡ የቮልት መቀየሪያ ያላቸውም አሉ፣ ያኔ ፊውዙም ይቀየራል። በጄኔሬተር ከሆነ ሞተሩ ተነሥቶ ከተረጋጋ በኋላ አብሩ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ማራገቢያው የሚገፋው አየር ከባሕር ዳርቻው የሳሳ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። የአየር መግቢያውን ከአቧራ አጽዱ፣ አምፑንም በቦርሳው ውስጥ እንዳለ አታጫውቱት።

በመጨረሻ፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ አምፕ በሳጥኑ ንዝረት ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ የስፒኮኑ ገመድ ክብደትም ይጎትተዋል። ከሥሩ ስስ ጎማ አንጥፉ፣ ገመዱንም በሳጥኑ እጀታ አሳልፋችሁ ስኩት።