ዳይኖሰር በኖኅ መርከብ ገብቶ ነበር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከዚሁ ከጅማ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ የፕላስቲክ ዳይኖሰር ተሰጥቶት ከእጁ አይለየውም። ጎረቤቴ «የአውሬ ምስል ነው፤ ክፉ መንፈስ ይጠራል፤ አቃጥዪው» አለችኝ። አንድ ዘመዳችን ዳይኖሰር የሚባለው ሰውን እግዚአብሔርን ለማስካድ የተፈጠረ ወሬ ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ በመጽሐፈ ኢዮብ ተጽፏል ይላል። ልጁ «ኖኅ ዳይኖሰርን መርከብ ውስጥ አስገብቶታል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። አሻንጉሊቱን ባለፈው እሑድ ጠበል እንዲረጭልኝ ለእርስዎ ትቼልዎታለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እኅታችን፣ በነጠላ ጠቅልለው የሰጡኝን ፈትቼ አየሁት። አረንጓዴ ነው፤ ጅራቱ ጫፍ ላይ የልጁ ጥርስ ምልክት አለበት፤ ከዚያ በቀር ምንም የለውም። አንድ ነገር ጣዖት የሚሆነው ሲሰገድለትና ሲለመን ነው እንጂ የእንስሳ መልክ ስላለው አይደለም። እንዲያ ቢሆንማ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ከፈረሱ እግር ሥር የወደቀውን ደራጎን ምን ልናደርገው ነው? ስለዚህ አይቃጠልም።

ዘመድዎ ውሸት ነው ያሉትን ግን መቀበል አልችልም፤ አጥንቱ በእጅ የሚዳሰስ ነውና። ሰዎች ከድንጋይ ውስጥ የሚወጣውን ይህን አጥንት የማን እንደሆነ ከማወቃቸው በፊት ብዙ ነገር ብለውታል። በቻይና የዘንዶ አጥንት ነው እያሉ የተቀበረ አጥንት ፈጭተው ለመድኃኒት ይጠቀሙበት ነበር። በእንግሊዝ አገር ሮበርት ፕሎት የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1677 እንዲህ ያለ የጭን አጥንት ስባሪ በመጽሐፉ ሥሎ የግዙፍ ሰው አጥንት ነው ብሎ ጻፈ። እኛም ብናገኘው ኖሮ መጽሐፈ ሄኖክ የሚናገርላቸውን ረዓይት አስበን ያንኑ እንል እንደነበር አልጠራጠርም። ከእነዚህ እንስሳት ለመጀመሪያው ሳይንሳዊ ስም አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1824 ያሳወቀው ዊልያም ባክላንድ የኦክስፎርድ መምህር ብቻ ሳይሆን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቄስም ነበር፤ እግዚአብሔርን ለማስካድ የተሸረበ ነገር ቢሆን ኖሮ የክህነት ልብስ የለበሰ ሰው ባልጀመረው ነበር። «ዳይኖሰር» የሚለውን ስም ደግሞ ሪቻርድ ኦወን እ.ኤ.አ. በ1842 ከግሪክ ቃላት አወጣው፤ አስፈሪ እንሽላሊት ማለት ነው። እንግዲህ ሁለት መቶ ዓመት ያልሞላውን ስም በነቢያት መጽሐፍ መፈለግ ድካም ነው።

በጅማ ዙሪያ ቆፍረው ዳይኖሰር የሚያገኙ አይመስለኝም፤ ቤታችን የተመሠረተበት ጥቁር ድንጋይ ዳይኖሰሮች ከጠፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ዓባይና ገባሮቹ በሰነጠቁት ሸለቆ ግን ከዚህ የሚያረጅ፣ በውኃ የተነጠፈ የጭቃና የአሸዋ ድንጋይ ይታያል፤ የሙገርን ስም ከያዘው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተለቅመዋል። ነገሩ የባዕድ አገር ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ለዘመድዎ ይንገሯቸው።

ኢዮብን የጠቀሱት ሰው በምዕራፍ 40 ያለውን፣ ብሔሞት የሚባለውን ፍጥረት ማለታቸው ነው። ጅራቱ በዛፍ ስለተመሰለ ጉማሬ ሊሆን አይችልም ይላሉ። ነገር ግን ያው ምዕራፍ እንደ በሬ ሣር እንደሚበላ፣ በሸምበቆና በረግረግ ውስጥ እንደሚተኛ፣ ወንዝ ቢሞላ እንደማይደነግጥ ይናገራል፤ በጊቤ ወንዝ ጉማሬ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ዳይኖሰር ትዝ አይለውም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መጽሐፈ ሄኖክ አለ፤ በእርሱ ዘንድ ሌዋታን በባሕር ጥልቅ፣ ብሔሞት በምድረ በዳ የሚኖሩ፣ ነገራቸው ምሥጢር የሆነ ፍጥረታት ናቸው። የጠፋውን እንስሳ እነርሱ ናቸው ማለት ለመጽሐፉ ያልሰጠውን ቃል ማበደር ነው፤ ይህን የሚያደርጉት ሃይማኖትን ለማገዝ ብለው መሆኑ ያሳዝነኛል።

ከባዱ የዘመኑ ቁጥር ነው። ሊቃውንተ ምድር የመጨረሻዎቹ ዳይኖሰሮች ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፉ ይላሉ፤ እኛ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን እንቆጥራለን። አንዳንዶች «በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው» የሚለውን የጴጥሮስን ቃል አምጥተው ሊያስታርቁ ይሞክራሉ፤ ስድስቱን ቀን በሺህ ቢያበዙት ግን ስድስት ሺህ እንጂ ሚሊዮን አይሆንም፤ ሐዋርያውም ያን የተናገረው ስለ ጌታ ትዕግሥት ነው እንጂ ስለ ድንጋይ ዕድሜ አይደለም። የ5500ው ዘመን ለአዳም የተሰጠው ተስፋ የሚፈጸምበትን የድኅነት ታሪክ ያሳያል፤ በባሕረ ሐሳብ ገብቶም በዓላትንና አጽዋማትን እናወጣበታለን። ስድስቱን ዕለታት እንደ ዛሬዎቹ ሃያ አራት ሰዓት አድርገው የሚያስተምሩ አባቶች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። እኔ ግን ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ መሆኑን ሳስብ ከዚያ በፊት ያሉትን ሦስት ዕለታት በሰዓት ለመስፈር አልደፍርም። የሃይማኖታችን ጸሎት «ሰማይንና ምድርን የፈጠረ» ሲያሰኘን በስንት ዘመን እንደፈጠረ አስቆጥሮን አይደለም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ዘፍጥረት የመርከቡን ርዝመት 300 ክንድ፣ ወርዱን 50፣ ቁመቱን 30 ብሎ ሲለካ የገቡትን እንስሳት ግን በወገን በወገናቸው ከማለት በቀር አንድ በአንድ አልዘረዘረም። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ከሆነ ደግሞ እነዚያ እንስሳት ሰው ከመገኘቱ እጅግ አስቀድመው ጠፍተዋል። ስለዚህ «ገብቷል» ብለው አያጽኑለት፤ «ውሸት ነው» ብለውም አያስፈራሩት። «መጽሐፉ ይህን አልነገረንም፤ የፈጠረው ግን እግዚአብሔር ነው» ይበሉት። አዋቂዎቹ ወፎች የዳይኖሰር ዘር ናቸው እንደሚሉም ቢነግሩት ደስ ይለዋል፤ ለፋሲካ የሚታረደውን ዶሮ እግር እያገላበጠ ማየቱ ግን አይቀርምና ይታገሡት።

አሻንጉሊቱ ጠበል አያስፈልገውም። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጁ ራሱ መጥቶ ይውሰደው፤ የቀረው ጥያቄ ካለም ያኔ ይጠይቀኝ።