መልስ፦ ወንድ ልጅ የሴቶች ቡና ላይ ዕቃ ቢሸጥ ነውር ነው ወይ?
አብሽር ወንድሜ፣ ምንም ነውር የለውም። ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ቤት እየሄድኩ የፕላስቲክ ዕቃ ልሸጥ ብዬ ወንድ ስለሆንኩ እንዳይስቁብኝ ፈራሁ ላልከው፣ እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ እሰራዋለሁ። የሴት ስራ የመሰለው ቱፐርዌር በሚባለው የአሜሪካ የፕላስቲክ ዕቃ ድርጅት ምክንያት ነው፣ በፈረንጆቹ 1951 ከሱቅ አውጥተው ቤት ውስጥ ግብዣ ላይ ብቻ መሸጥ ሲጀምሩ ስራውን የምትመራው ብራውኒ ዋይዝ የምትባል ሴት ነበረች፣ ዕቃውን የፈጠረው ኧርል ታፐር ግን ወንድ ነው።

ዋናው ነገር የቤቱ እመቤት ራሷ ጠርታህ መግባትህ ነው፣ ብቻዋን ካለች ግን አትግባ፣ እኔ እህቴን ይዤ ነው የምሄደው። አቦል ሲጠጣ ስለ ዕቃ አታውራ፣ ቶና ላይ አውጣው። እኔ ሽሮ ሞልቼበት ክዳኑን ጥብቅ አደርግና ነጭ ነጠላ ላይ ገልብጬ እወዘውዘዋለሁ፣ ነጠላው ንፁህ ሆኖ ሲያዩት እናቶቹ ራሳቸው እየተቀባበሉ ይሞክሩታል፣ ከዛ በኋላ ብዙ ማውራት አያስፈልግህም።

ዱቤ ከሰጠህ እዛው ፊታቸው ደብተር ላይ ፃፍ፣ እኔ መጀመሪያ በቃል ሰጥቼ ከጎረቤት ጋር ተቀያይሜያለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ደግሞ ዕቃውን ተወውና ሰው ብቻ አስገባ የሚሉህን ሽሻቸው፣ እንዲህ ሰው በማስገባት ብቻ ገንዘብ የሚገኝበት ስራ ፒራሚድ ይባላል፣ በአዋጅ 813/2006 የተከለከለ ነው።