ጸጥ ያለ የፈረንሳይ ገጠር መንገድ በብስክሌት፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ባለካርታው። የምንነጋገረው ስለ አስፋልት ነው። የሚጠይቅ ሰው መነሻና መድረሻውን፣ ወሩንና የጎማውን ስፋት አብሮ ይጻፍ። ወሩም ዓመቱም እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ፔዳል21፦ ከፓሪስ በባቡር ወጥቼ አምስት ቀን መንዳት እፈልጋለሁ። ሜይ መጨረሻ፣ 28 ሚሊ ጎማ። መኪና የማይበዛው የት ነው?

ባለካርታው፦ መጀመሪያ መንገድ ለምን ጸጥ እንደሚል እንግባባ። ገጠር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ባለመኪናው የተሻለ መንገድ በአቅራቢያው ስላለው ነው። ወንዝ ተከትለህ ስትሄድ በአንዱ ዳር ሰፊ መንገድ ካለ፣ ማዶ ያለው ጠባቡ ያንተ ነው። ሌላ ማለፊያ በሌለበት ቦታ ግን ግንድ የጫነውም፣ የወተት ቦቴውም፣ ካምፐሩም የሚያልፈው በዚያችው በአንዷ ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩን አንብብ። ኤን (N) ብሔራዊ ነው፣ ዴ (D) የዴፓርትማው ማለትም የአውራጃው፣ ሴ (C) ወይም ቁጥር አልባው የኮሙኑ ማለትም የማዘጋጃ ቤቱ። የዴ ቁጥር በየዴፓርትማው ስለሚለያይ ወሰን ስትሻገር ያው መንገድ ሌላ ቁጥር ሊይዝ ይችላል። ባለ ሦስት አሃዝ ሆኖ በ9 የሚጀምር ዴ ካየህ ግን ጠርጥር። ብዙዎቹ ከ1972 ጀምሮ ለዴፓርትማዎች የተላለፉ የድሮ ብሔራዊ መንገዶች ናቸው። ሰሌዳው ተለወጠ እንጂ ስፋቱም፣ ቀጥ ማለቱም፣ የሚበርበት መኪናም ያው ነው። መንገድ ዳር ያለችው የኪሎ ሜትር ድንጋይም ትነግርሃለች፤ አናቷ ቢጫ ከሆነ ዴ፣ ቀይ ከሆነ ብሔራዊ።

ሚሽላን በሚያሳትመው የመንገድ ካርታ ላይ ቀዩን ተወው፣ ቢጫውን ለመሻገሪያ ብቻ ተጠቀምበት፣ ነጩን ተከተል። መንገዱ ላይ የተሣለችው ቀስት የዳገት ምልክት ናት፦ አንድ ከሆነች ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ከሆኑ ከ9 እስከ 13፣ ሦስት ከሆኑ ከዚያ በላይ። ጫፏ የሚያመለክተው ወደ ላይ ነው፤ ገልብጦ ያነበበ ሰው ቁልቁለት ጠብቆ ዳገት ይገጥመዋል።

ላንተ፦ እስከ ኦሴር በባቡር፣ ከዚያ የኒቬርኔ ካናልን ይዘህ ወደ ደቡብ። ክላምሲ አካባቢ ከካናሉ ወጥተህ ኮረብታማው ሞርቫን ግባ፤ ሎርም፣ የሴቶን ሐይቅ፣ ሻቶ ሺኖን። ከዚያ ወደ ኔቬር ወርደህ በባቡር ትመለሳለህ። የሞርቫን ከፍተኛው ጫፍ 901 ሜትር ብቻ ነው፤ ጉልበት የሚጨርሰው የአጫጭር ዳገቶቹ መደጋገም ነው። ከፊት ከ34 ያልበለጠ፣ ከኋላ ከ34 ያላነሰ ጥርስ ይኑርህ።

አዲስ_ጋላቢ፦ እኔም ጸጥ ያለ መንገድ ብትጠቁመኝ?

ባለካርታው፦ ከየት ወደ የት? በየትኛው ወር? ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

የሊዮኗ፦ ጋሼ፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከፊዣክ ተነስተን ካብሬሬ ለመድረስ አስበናል፣ ሁለት ሆነን፣ 32 ሚሊ ጎማ፣ ጁን። በሎት ወንዝ ይሻላል ወይስ በሴሌ?

ባለካርታው፦ በሴሌ፣ እህቴ፣ ሳታመነቱ። የሎቱ ዴ 662 ወደ ካኦር ከተማ የሚሄድ መኪና የሚመላለስበት ነው። የሴሌው ዴ 41 ደግሞ ጠባብ ነው፤ አንዳንድ ቦታ የኖራ ድንጋይ ገደሉ ከራስ በላይ ተንጠልጥሎ፣ ወንዙ ከእግር ሥር ሆኖ ይጓዛል። እስፓኛክ፣ ማርሲያክ፣ ሶልያክ እያላችሁ ትወርዳላችሁ። ሁሉም ትንንሽ መንደሮች ስለሆኑ ምግብ ከፊዣክ ያዙ። ርቀቱ ወደ 50 ኪ.ሜ. ነው፤ ወንዙን ተከትሎ ስለሚወርድ ከባድ ዳገት የለውም።

ከሸለቆው ወጥታችሁ ኮስ የሚሉት የኖራ ድንጋይ አምባ ላይ ከወጣችሁ ግን ውሃ የለም። ዝናቡ በስንጥቁ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ምንጭም ጅረትም ላይ አይቀርም። ለአንድ ሰው ሁለት ባለ 75 ሴንቲ ሊትር ጠርሙስ ሞልታችሁ ውጡ። መንደር ስትደርሱ ቧንቧ የሚፈለገው መቃብር ቦታው ጋ ነው፤ አበባ ለማጠጣት ያስገቡታል። «ኖን ፖታብል» (አይጠጣም) የሚል ከተለጠፈበት አትጠጡ።

ሰማያዊ_ካስክ፦ የሴሌ ሸለቆም እኮ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ካልከው ጋር አይጋጭም?

ባለካርታው፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። አይጋጭም። ከፊዣክ ወደ ካኦር የሚቸኩል ሰው በስተሰሜን አምባው ላይ በሊቬርኖን የሚያልፈው መንገድ አለው፣ በስተደቡብ ዴ 662 አለው። ሴሌ በሁለቱ መካከል ነው። ሸለቆው ውስጥ የሚገባው እዚያ ጉዳይ ያለው ብቻ ነው። ስንት መንገድ ሸለቆው ውስጥ አለ ብለህ አትቁጠር፤ ከጫፍ ጫፍ የሚሄደው ሰው በየት ያልፋል ብለህ ጠይቅ። በጁላይና ኦገስት ግን ታንኳ የሚጎትቱ ሚኒባሶች ስለሚመላለሱ በጠዋት ጨርሱት።

ሰማያዊ_ካስክ፦ ይሄን ሁሉ ከመመራመር ለብስክሌትና ለእግረኛ ብቻ የተሠራውን ቮዋ ቬርት መያዝ አይቀልም? ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው በ1997 የተከፈተ፣ በአሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የተነጠፈ ነው። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ዴ ምናምን አይፈልግም።

ፔዳል21፦ ቅዳሜና እሑድ ውሻና ጋሪ ይሞላዋል። በሰዓት 25 ኪ.ሜ. ለሚሄድ ሰው አይሆንም።

ሰማያዊ_ካስክ፦ ማን 25 ሂድ አለህ? ካናል ዱ ሚዲም አለ፣ ከቱሉዝ እስከ ባሕር።

የሊዮኗ፦ እሱን በ28 ጎማ ለሚሄድ ሰው አትምከር። አስፋልቱ ከቱሉዝ ወደ 50 ኪ.ሜ. ይሄድና ፖር ሎራጌ አካባቢ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ብዙ ቦታ የዛፍ ሥር የገፋው የአፈር መንገድ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ጭቃ ይሆናል።

ባለካርታው፦ ልጅ ያለው ሰው ቮዋ ቬርት ይያዝ፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ወደ መንገዱ እንመለስ።

ከፍራንክፈርት፦ በፍልሰታ ጾም ኦገስት ላይ ክረዝ የሚባለውን ዴፓርትማ ላቋርጥ ነው። ከዳቦ ቤት ምን ልብላ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾምስ ይቻላል?

ባለካርታው፦ «ፓን ደ ትራዲስዮን ፍራንሴዝ» ወይም ባጭሩ «ትራዲስዮን» በል። በ1993 የወጣው ድንጋጌ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ይፈቅዳል፤ ጥቂት የባቄላ፣ የሶያና የብቅል ዱቄትም ሊገባበት ይችላል። ቅቤም ወተትም የለውም። ክሯሳን ቅቤ ነው፣ ብሪዮሽ ቅቤና እንቁላል ነው፣ ፓን ኦ ሌ ስሙ ራሱ ወተት ይላል። ኦቾሎኒ፣ ተምርና ሙዝ ከሱፐርማርኬት ጨምርበት።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። የገጠር ዳቦ ቤት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ጨርሶ አይከፍትም፣ ብዙ ጊዜ ሰኞ። እሑድ ጠዋት የሰኞንም ግዛ። ስለ ዘጠኝ ሰዓቱ የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ በሙቀት 100 ኪ.ሜ. እንደምትነዳም ንገራቸው።

ጎማ_32፦ «ግራቪዮን» (ልቅ ጠጠር) የሚል ሰሌዳ በየቦታው አለ። ያን ያህል ያሰጋል?

ባለካርታው፦ በጣም ያሰጋል፤ በደንብ አንብቡት። ትኩስ ሬንጅ ይረጫል፣ ጠጠር ይበተንበታል፣ የሚያልፈው መኪና እንዲደመድመው ይተዋል፣ ትርፉ በኋላ ይጠረጋል። ሥራው ሙቀትና ደረቅ አየር ስለሚፈልግ የሚሠራው እናንተ በምትነዱበት ወራት ነው፤ በተለይም በምንወዳቸው ትንንሽ መንገዶች ላይ። መኪናው ጠጠሩን እየገፋ መሐልና ጠርዝ ላይ ይከምረዋል። ጎማ የሚያልፍባቸው ሁለቱ መስመሮች ጠቆር ብለው ይታያሉ፤ ከእነሱ አትውጡ። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ያዙና ጨርሱ፤ መታጠፊያው ውስጥ የፊቱን ከያዛችሁ ጎማው ይሸሻል። ቁልቁለት ላይ ሰሌዳውን ካያችሁ በእግር መሄድ ፍጥነት ውረዱ።

በሙቅ ቀን ሬንጁ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ጠጠር ያነሣል፣ ጠጠሩ ጎማውን በያዘው ሹካ ሥር ይፋቃል። በጎማና በሹካ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ከሌለ ቀለሙን ልጦ ካርቦኑን ይቆርጣል። «ሽርር» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቁሙና በእንጨት ጥረጉት።

ሰንሰለት፦ የትኛውን ብስክሌት ልግዛ?

ባለካርታው፦ ይህ ስለ መንገድ ነው።

አዲስ_ጋላቢ፦ ሕጉስ? ሰደርያ ግድ ነው?

ባለካርታው፦ ከከተማና ከመንደር ውጭ ማታ ወይም እይታ ሲቀንስ አንጸባራቂ ሰደርያ ግድ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ከ2015 ጀምሮ ክልክል ነው። ሄልሜት የሚገደደው ከ12 ዓመት በታች ነው፤ እናንተም አድርጉ። ቀን ጎን ለጎን ሁለት መሆን ይቻላል፤ ሊያልፍ የሚፈልግ መኪና ሲመጣ ወደ አንድ መስመር ግቡ። መኪናው ከከተማ ውጭ ሲያልፋችሁ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት።

በትንንሽ መንደሮች ውስጥ ምልክት የሌለው መገናኛ ላይ ቅድሚያው ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ከግቢ የሚወጣ የመሰለህ ትራክተር ከመንገድ እየወጣ ሊሆን ይችላል፤ አያይህም፣ አይቆምም።

ፔዳል21፦ መተግበሪያው ከክላምሲ ወደ ቬዝሌ በዴ 951 እየወሰደኝ ነው። ልሂድበት?

ባለካርታው፦ በ9 ይጀምራል! እስካሁን ምን ስል ቆየሁ? መተግበሪያው የሚያወጣውን መስመር የመንግሥት ካርታ ሥራ ድርጅት፣ ኢጄኤን፣ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ባስቀመጠው ካርታ እያንዳንዱን መታጠፊያ አይተህ አጣራ። ክላምሲ ድረስ አትሂድ። ቀደም ብለህ ሻቴል ሳንሷር ላይ ከካናሉ ውጣና በነጮቹ መንገዶች በአስኒዬር ሱ ቧ በኩል ወደ ምሥራቅ ያዝ። አስካን ስትደርስ ጠርሙስህን ሙላ፤ ቬዝሌ ኮረብታ አናት ላይ ናት፣ መግቢያዋም ዳገት ነው።