ስለ ሴፕሲስ ጠይቁኝ፦ ከፅኑ ሕሙማን ክፍል የተሰጡ መልሶች

ፅኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። የግል የምርመራ ውጤት አትላኩልኝ፤ ሕመምተኛውን ሳላይ ምንም አልልም። ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ በሳንባ ምች ተኝተው ነበር፤ አሁን ኩላሊታቸው ደከመ ተባልን። ሳንባና ኩላሊት ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ እግዜር ይማርልዎ። ጀርሙ ሳንባ ውስጥ ቢሆንም ነጭ የደም ሴሎች የሚረጩት ኬሚካል መላ ሰውነትን ያዳርሳል። የደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ ግፊት ይወርዳል፤ በጥቃቅኖቹ ውስጥ ደም ይረጋል። ኩላሊት ይህን ቶሎ ያሳብቃል፤ ነርሶቹ ሽንት በየሰዓቱ የሚለኩት ለዚህ ነው። ሴፕሲስ የምንለው ይኸንኑ ነው፦ ኢንፌክሽኑን ሊያጠፋ የተነሣው ምላሽ ከልክ አልፎ የራስን አካል ሲጎዳ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኢሚዩን ሲስተሙ (የሰውነት መከላከያው) ካበደ ለምን በመድኃኒት አታበርዱትም?

መልስ፦ ለዓመታት ተሞክሯል። ቲኤንኤፍ የተባለውን ኬሚካል የሚያግዱ መድኃኒቶች የተጠበቀውን አላመጡም። ለሴፕሲስ ተፈቅዶ የነበረው ዚግሪስም እንደማይጠቅም ሲታይ በ2011 ከገበያ ወጣ። ችግሩ የመከላከያው አንዱ ወገን ሲያብድ ሌላው መድከሙ ነው። ሊምፎሳይቶች የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በብዛት ይሞታሉ፣ የተረፉትም ይፈዛሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለፈ ሰው በሆስፒታል ባክቴሪያ ሊያዝ ይችላል፤ ተኝቶ የኖረ የሄርፒስ ቫይረስም ሊቀሰቀስበት ይችላል። ማን የትኛው ወገን ላይ እንዳለ ቶሎ የሚለይ የተለመደ ምርመራ ገና የለንም።

ስቴሮይድን (የመከላከያውን ምላሽ የሚያበርድ መድኃኒት) ግን ለይተን እንሰጣለን። ግፊት የሚያነሣው ኖርኢፒነፍሪን እየተሰጠው ግፊቱ አልረጋ ላለ ሰው ሃይድሮኮርቲዞን በቀን 200 ሚሊግራም። በ2020 ብሪታንያ የተደረገው የሪከቨሪ ጥናት ደግሞ ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ በነበሩ የኮቪድ ሕሙማን ሞትን በሢሶ ገደማ ሲቀንስ፣ ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ጥቅም አላሳየም። ቫይረሱም መድኃኒቱም አንድ ነው፤ የተለየው ሰውነቱ የደረሰበት ደረጃ ነው።

ጥያቄ፦ ለታመመችብን ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ቫይታሚን ሲ ብንሰጣትስ?

መልስ፦ አይሆንም። በደም ስር የተሰጠ ቫይታሚን ሲ በ2022 በወጣ ጥናት እንዲያውም የከፋ ውጤት አሳይቷል። በአፍንጫዋ ቱቦም እባካችሁ ምንም አታስገቡ።

ጥያቄ፦ ወረዳ ሆስፒታል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። የሴፕሲስ መመሪያው በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በደም ስር ስጥ ይላል፤ እኛ ጋ ቬንትሌተር የለም። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ያ ቁጥር እኔንም አያረካኝም። በ2011 በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በጠና ከታመሙ ከ3,000 በላይ ሕፃናት መካከል ፈሳሽ በፍጥነት የተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ 10.5 በመቶ ያህል ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። በ2017 ከዛምቢያ በወጣ ጥናትም፣ አብዛኞቹ ኤችአይቪ ካለባቸው አዋቂዎች፣ ብዙ ፈሳሽ የሚያዘውን ፕሮቶኮል የተከተሉት 48 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት 33 በመቶ ሞቱ። ደም ስሩ የሚያሾልክ ከሆነ የጨመርከው ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ የሚያተርፍህ ቬንትሌተር ከሌለህ ምን ታደርጋለህ?

እኔ ብሆን ለአዋቂ 250 ወይም 500 ሚሊ ሊትር ሰጥቼ እቆማለሁ። ትንፋሹን እቆጥራለሁ፣ ሳንባውን አዳምጣለሁ፣ ጣቱን ተጭኜ ደሙ በስንት ሴኮንድ እንደሚመለስ አያለሁ፤ ከዚያ እወስናለሁ። ግፊቱ ካልተነሣ ኖርኢፒነፍሪን ካለህ በክንድ ደም ስር ጀምር፣ ክንዱን እየጠበቅክ። አንቲባዮቲኩ ግን ሾክ (ግፊት ወርዶ ለአካላት በቂ ደም አለመድረስ) ካለ ከአንድ ሰዓት አይለፍ፤ የደም ካልቸር (ጀርሙን ለመለየት የሚቀዳ ደም) ቀድመህ ውሰድ፣ የሚያዘገይህ ከሆነ ተወው።

ጥያቄ፦ ትኩሳቱን ለምን ቶሎ አያወርዱለትም?

መልስ፦ ትኩሳት ራሱ የመከላከሉ አካል ነው። ካሠቃየው ፓራሲታሞል ይሰጠዋል። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ግን ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ አስታማሚዎች ምን እናድርግ?

መልስ፦ ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን ታጠቡ። ሐኪሙ ካልከለከለ የአልጋው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ማለቱን እዩ። «የሽንት ቱቦው ዛሬም ያስፈልጋል?» ብላችሁ በየቀኑ ጠይቁ፤ እያንዳንዱ ቱቦ የጀርም መግቢያ ነው። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም ድካሙ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ እንደገና ካተኮሰው፣ ግራ ከተጋባ ወይም ሽንቱ ካነሰ በዚያው ቀን መልሳችሁ አምጡት።