ከሳሪ የተነሣ የወገብ ደጋፊ ልብስ ለመንደፍ

ውድ ጠያቂያችን፣ ዱባይ ውስጥ በአንድ የሕንዶች ልብስ ስፌት ቤት እንደሚሠሩ፣ ከሳሪ አለባበስ ተነሥተው ወገብን የሚደግፍ ልብስ በመንደፍ ወደ ዲዛይነርነት መሸጋገር እንደሚፈልጉ፣ ሆኖም የዲዛይን ትምህርት ስለሌለዎት እንደሚያመነቱ ጽፈውልናል። ሐሳብዎ ከእውነተኛ ችግር የሚነሣ በመሆኑ እንዲገፉበት አጥብቄ እመክራለሁ።

ሳሪ ከ4.5 እስከ 8 ሜትር ገደማ የሚረዝም ያልተሰፋ ጨርቅ ነው። በተለመደው አለባበስ የፊት ሽንሽኑ የሚሻጠው በውስጥ ጉርዱ ወገብ ላይ ሲሆን፣ ጉርዱን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ቀጭን የጥጥ ማሰሪያ ስለሆነ፣ የልብሱ ክብደት፣ በተለይ ጥለቱ የከበደ፣ በደቡብ ሕንድ የሚሠራው የካንቺፑራም ሐር ሲሆን፣ በአንዲት ጠባብ መስመር ላይ ያርፋል። ማሰሪያው እንዳይላላ በጠበቀ ቁጥር ቆዳውን ይፍቃል፣ ያጠቁራል፤ የሕንድ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት በዚህ መስመር ላይ የቆየ ቁስል፣ አልፎ አልፎም የቆዳ ካንሰር ማየታቸውን መዝግበዋል።

እንግዲህ ንድፍዎ መጀመሪያ ሊመልስ የሚገባው ይህ ጫና በምን እንደሚከፋፈል ነው። በ1 ሴንቲ ሜትር ማሰሪያ ፋንታ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መታጠቂያ ቢጠቀሙ፣ ያው ኃይል ስምንት እጥፍ በሰፋ ቦታ ላይ ያርፋል። ነገር ግን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሰፊ መታጠቂያ ለባሿ ስትቀመጥ ይጠቀለላል፤ ስለዚህ ከወገብ ወደ ዳሌ የሚሰፋውን ቅርጽ ተከትሎ መቆረጥ አለበት። ላስቲክ የሌለውን የእጅ ሽመና ጨርቅ ከድሩና ከማጉ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ቢቆርጡት በመጠኑ ይለጠጣል፤ መቀነት ታጥቀው ላደጉ እጆች ይህ እንግዳ አይሆንም። በምዕራብ ሕንድ ያለችው የማሃራሽትራ ግዛት ሴቶች የውስጥ ጉርድ ሳይለብሱ በእግሮቻቸው መካከል አሳልፈው ከኋላ የሚሽጡትን ረጅም ሳሪም ያጥኑ፤ በእርሻ ሥራ ላይ እንኳ እንደ ልብ ያራምዳል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ ልብስዎ የጀርባ ሕመምን ይከላከላል ብለው አያስተዋውቁ። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ግምገማ፣ የወገብ መደገፊያ የጀርባ ሕመምን በመከላከል ረገድ ምንም ካለማድረግ የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ከዚህም በላይ፣ በአውሮፓ ኅብረት ሕመምን አክማለሁ የሚል ምርት በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው የሕክምና መሣሪያዎች ደንብ ሥር ሊወድቅ ይችላል። ምቾትና ጫና ማቅለል በራሳቸው በቂ ዋጋ ናቸው።

ስለ ትምህርቱ፣ በእኔ እምነት አሁን የሚያስፈልግዎ የሥዕል ችሎታ ሳይሆን የልብስ ቅድ ዕውቀት ነው። እርሱም አጠገብዎ አለ፤ ከስፌቱ ሰዓት ላይ ጥቂቱን ወደ ቆራጩ ማስተር ጠረጴዛ እንዲያዛውሩልዎ አሠሪዎን ይጠይቁ። በተለያየ የሰውነት መጠን ሦስት ናሙናዎች ሰፍተው፣ ሳሪ ዘወትር የሚለብሱ ደንበኞች ሙሉ ቀን እንዲለብሷቸው ያድርጉ፤ የት እንደጠበቃቸው፣ የት እንደሞቃቸው፣ ከታጠበ በኋላ ምን ያህል እንደላላ ይጻፉ። ለቀጣሪ የሚያሳዩት ያንን መዝገብ ከናሙናዎቹ ጋር ነው።